ቀስተ ደመና ለምን ቀስት ሆነ? የተብሪዙ ደረሳና በውሃ የተሞላው ሉል



ስለ ቀስተ ደመና በትምህርት ቤት የተማርነው አጭር ነው። ብርሃን የዝናብ ጠብታ ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል፣ ወደ ሰባት ቀለማት ይበተናል፣ ይህንንም ያገኘው ኒውተን ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስንወጣ ደግሞ ሌላ አጭር ታሪክ ይጠብቀናል። «ኒውተን ሰርቆን ነው፣ ይህን ያገኘነው እኛ ሙስሊሞች ነን» የሚል፣ ከሥሩ ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ ስዕል የተለጠፈበት ፖስት። ሺህ ጊዜ ሼር ይደረጋል። ሁለቱንም አንብበን ስንጨርስ ግን ቀስተ ደመና ቀጥ ያለ መስመር መሆን ሲችል ለምን እንደጎበጠ አናውቅም። ማን፣ ምን ጠይቆ፣ በምን መሣሪያ፣ ማንን አርሞ እንደደረሰበትም አናውቅም።

ዛሬ ይህንን ታሪክ ረጋ ብለን እንየው። ከበስራ ተነስቶ፣ በካይሮ አልፎ፣ ተብሪዝ የሚደርስ ታሪክ ነው፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ይፈጃል። መሐሉ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። አንድ ደረሳ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብራቸውን ሊቅ «እዚህ ጋ አልተስማማሁም» ማለት ነበረበት።

ከስሙ እንጀምር። በአማርኛ «ቀስተ ደመና» እንላለን፤ የደመና ቀስት ማለት ነው። ዐረቦቹ «ቀውሱ ቁዘሕ» ይሉታል። የአማርኛው ስም ሳናስበው ከጥንቶቹ ግሪኮች ሐሳብ ጋር ይገጥማል፤ ነገሩን ለደመናው ሰጥቶታል። አርስቶትል ስለ አየር ሁኔታ በጻፈው መጽሐፉ ደመናን እንደ መስታወት ቆጥሮ፣ የፀሐይ ብርሃን ከዚያ ነጥሮ ወደ ዐይናችን ይመጣል ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር አርስቶትል በአንድ ነገር አልተሳሳተም። የቀስቱ ክብነት ከፀሐይ፣ ከተመልካቹና ከቀስቱ አቀማመጥ የሚመጣ የጂኦሜትሪ ጉዳይ መሆኑን አይቷል። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ቀስቱ እንደሚያንስም ያውቅ ነበር። የሳተው ብርሃኑ ምን ላይ አርፎ፣ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ነው።

ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ 980–1037) «አሽ-ሺፋእ» በተባለው ኪታባቸው ነገሩን አነሱት። በሕክምናቸው የምናውቃቸው ኢብኑ ሲና ተራራ ላይ ሆነው ቀስቱን ተመልክተዋል፤ ሐማም ውስጥ በእንፋሎቱ መሐልም አይተውታል። ከዚህ ተነስተው ቀስቱ ያለው ጥቁሩ ደመና ላይ ሳይሆን ከደመናው ፊት ለፊት ባለው ስስ እርጥብ አየር ውስጥ ነው አሉ፤ ጥቁሩ ደመና ከኋላ እንደ መጋረጃ ሆኖ ቀስቱን አጉልቶ ያሳያል እንጂ። ቀለሞቹን በተመለከተ ግን ነገሩ ግልጽ እንዳልሆነላቸው ሳይደብቁ ጻፉ። እንዲህ ያለ ሊቅ «ይህ አልገባኝም» ብሎ ሲጽፍ፣ ለኋለኛው ሰው በሩን ክፍት ትቶለት ሄደ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ነበሩ። እ.ኤ.አ በ965 (354 ሂጅራ) በስራ ተወለዱ፤ ቆይተው ካይሮ ገቡ፤ እ.ኤ.አ 1040 ገደማ እዚያው አረፉ። አል-ቂፍጢ የተባሉት የታሪክ ጸሐፊ እንዳስተላለፉት፣ ወደ ግብጽ የሄዱት የናይልን ጎርፍ ሊቆጣጠሩ እንደሚችሉ በመናገራቸው ኸሊፋው አል-ሐኪም ስላስጠራቸው ነው። ከአስዋን በላይ ወንዙን በዐይናቸው ሲያዩ እንደማይሆን ገባቸው፤ ከኸሊፋው ቁጣ ለመዳንም እብድ መስለው ኖሩ ይባላል። ያ ያሸነፋቸው ጎርፍ አብዛኛው ከኛው ከዐባይ የሄደ የክረምት ውሃ ነው።

ሰባት ክፍል ያለው «ኪታቡል መናዚር» የተሰኘው ሥራቸው የብርሃንን ትምህርት ከሥሩ ቀየረው። ብዙዎቹ የጥንት ሊቃውንት ዐይን ጨረር እየላከች ነገሮችን ትዳስሳለች ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዐይን እንደሚገባ በሙከራ ላይ ቆመው ተከራከሩ። በጥላቸው፣ በጨለማ ክፍላቸው፣ በቀዳዳቸው፣ በውሃና በመስታወታቸው። በጦሊሞስ ላይ በጻፉት የጥርጣሬ ኪታብም እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደምቶችን ጽሑፍ ስለተጻፈ ብቻ እንዳይቀበል፣ ይልቁንም እንዲመረምር፣ የራሱንም ግንዛቤ ሳይቀር እንዲጠረጥር መክረዋል። ይህን ምክራቸውን ልብ በሉልን። ቆይቶ በራሳቸው ላይ ይሠራል።

እ.ኤ.አ በ1028 (419 ሂጅራ) ስለ ቀስተ ደመናና በፀሐይና በጨረቃ ዙሪያ ስለሚታየው ቀለበት አንድ አጭር ሪሳላ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው እኚህ የብርሃን ሊቅ የተሳሳቱት። እርጥቡ ወፍራም አየር እንደ ጎድጓዳ መስታወት ሆኖ የፀሐይን ብርሃን ወደ ዐይናችን ያንጸባርቃል፣ የመስታወቱ ጉብጠት ነው ቀስቱን ክብ የሚያደርገው አሉ። ሒሳቡ የተዋበ ነው። ግን የጠብታ ነገር የለበትም፤ ብርሃኑም ይነጥራል እንጂ አይታጠፍም። በሌላ ሪሳላቸው ደግሞ ስለሚያቃጥል ሉል ጽፈዋል። የመስታወት ወይም የውሃ ሉል የፀሐይን ብርሃን እንዴት እንደሚያጥፈውና አንድ ቦታ ላይ እንደሚሰበስበው በጥንቃቄ ያጠኑበት ነው። መልሱ በገዛ እጃቸው ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱን ሪሳላ ከሌላው ጋር አላገናኙትም።

ሁለቱ ሪሳላዎች ለሁለት መቶ ሰባ ዓመታት ያህል ሳይገናኙ ቆዩ።

በመሐሉ እ.ኤ.አ በ1258 ባግዳድ በሞንጎሎች ወደቀች። የእውቀት ታሪካችን እዚያ ጋ እንዳበቃ አድርገው የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን አንስማማም። ከዓመት በኋላ፣ በ1259፣ ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ በሰሜን ምዕራብ ኢራን በምትገኘው መራጋ የከዋክብት መመልከቻ ማቋቋም ጀመሩ፤ ገንዘቡን የሰጠው ያው ባግዳድን ያጠፋው ሁላጉ ነው። እዚያ ከተማሩት አንዱ ቁጥቡዲን አሽ-ሺራዚ (እ.ኤ.አ 1236–1311) ሐኪም፣ ቃዲና የከዋክብት ተመራማሪ ነበሩ። የኋለኛ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ተብሪዝ ነው። ከማሉዲን ሐሰን ኢብኑ ዐሊይ አል-ፋሪሲ (እ.ኤ.አ 1267–1319) የሳቸው ደረሳ ናቸው።

አል-ፋሪሲ በኪታባቸው መግቢያ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ያወጋሉ። በታላላቅ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ እንዴት እንደሚታጠፍ የተባለውን አንብበው አልዋጥ አላቸው። በዐይን ከሚታየው ጋር አይገጥምም። ጉዳዩን ይዘው ወደ ኡስታዛቸው ሄዱ። አሽ-ሺራዚ ጥያቄውን አላናናቁም፤ «ታላላቆቹ ያሉትን አትመርምር» አላሉም። በልጅነታቸው ፋርስ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት በኢብኑል ሀይሠም የተጻፈ ስለ ብርሃንና እይታ የሚናገር ኪታብ ማየታቸው ትዝ አላቸው። ከሩቅ አገር አስፈልገው አስመጡላቸው። ዛሬ ስልካችን ላይ በደቂቃ የምናወርደውን ፒዲኤፍ ሳናነብ ለምንተው ለኛ፣ አንድ ኡስታዝ ለአንድ ደረሳ ጥያቄ ሲል ያን ያህል መድከሙ የሚገርም ነው።

አል-ፋሪሲ ኪታቡን ካነበቡ በኋላ ማብራሪያ መጻፍ ጀመሩ። «ተንቂሑል መናዚር» ይባላል። «ተንቂሕ» ማለት ማጥራት፣ ማረም ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ከዋናው ኪታብ በተጨማሪ የኢብኑል ሀይሠምን ትንንሽ ሪሳላዎችም ጨመሩበት፤ የሚያቃጥለው ሉልና የቀስተ ደመናው ሪሳላ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት እዚህ ነው።

ያደረጉት እንዲህ ነው። የዝናብ ጠብታ ትንሽ የውሃ ሉል ናት፤ በእጅ ይዞ ሊመረምራት ግን ማንም አይችልም። ስለዚህ ትልቅ ጠብታ ሠሩ፤ ስስ የመስታወት ሉል በውሃ ሞሉ። ክፍሉን አጨልመው በአንድ ቀዳዳ ብቻ የፀሐይ ብርሃን አስገቡ፤ ሉሉን ብርሃኑ ላይ አስቀመጡና ዐይናቸውን ከቦታ ቦታ እያዛወሩ ከሉሉ የሚወጣውን ብርሃን ተከታተሉ። የሉሉን አንድ ወገን በማያስተላልፍ ነገር ሲሸፍኑ የትኛው ምስል እንደሚጠፋ አዩ። አንድ ምስል ከጠፋ፣ ያንን ምስል የሠራው ብርሃን በተሸፈነው ወገን በኩል ያልፍ ነበር ማለት ነው። እንዲህ እየሸፈኑና እየገለጡ የብርሃኑን መንገድ በየደረጃው አወቁት።

መንገዱ ይህ ነው። ብርሃን ጠብታዋ ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ ብርጭቆ ውስጥ የተነከረ ማንኪያ ተሰብሮ የሚታየን በዚሁ ምክንያት ነው፣ በመማሪያ መጻሕፍት «ስብረት» ይባላል። ከዚያ በጠብታዋ የኋላ ግድግዳ ላይ ከውስጥ ይነጥራል። ሲወጣ ሁለተኛ ይታጠፋል። ሁለት መታጠፍ፣ በመሐል አንድ መንጸባረቅ፤ ዋናው ቀስት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከዋናው በላይ የሚታየው ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ቀስት ደግሞ ጠብታዋ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከነጠረ ብርሃን ነው። ቀለሞቹ የተገለበጡትም ለዚህ ነው፤ በዋናው ቀስት ቀዩ ከላይ ሲሆን በሁለተኛው ከታች ነው። አስተውላችሁ አይታችሁት ታውቁ ይሆን?

ይህን ሲጽፉ አል-ፋሪሲ ኢብኑል ሀይሠምን አልሰደቡም፣ ስማቸውንም አልሰወሩም። የሊቁን ሪሳላ አስቀምጠው፣ የማይስማሙበትን ተናግረው፣ የራሳቸውን አስከተሉ። ዘዴው የሊቁ ነው፤ ጨለማው ክፍል፣ ቀዳዳው፣ ሉሉ፣ መሸፈንና መግለጡ ሁሉ። በኢብኑል ሀይሠም መሣሪያ የኢብኑል ሀይሠምን መልስ ጣሉት።

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ለምን ቀስት ሆነ?

ቀስተ ደመና ሲታይ ፀሐይ ሁልጊዜ ከጀርባችን ናት። ከፊታችን የራሳችን ጥላ ተዘርግቷል። ከፀሐይ ተነስቶ በራሳችን በኩል አልፎ የጥላችን ራስ ላይ የሚያርፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በሐሳባችን እናስምር። እያንዳንዷ ጠብታ ቀዩን ብርሃን በብዛት የምትመልሰው ከዚህ መስመር አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጋ ነው፤ ሐምራዊውን ደግሞ 40 ዲግሪ ገደማ ላይ። ስለዚህ ቀይ ሆነው የሚታዩን ከመስመሩ 42 ዲግሪ ላይ ያሉት ጠብታዎች ብቻ ናቸው። ወደ ላይ 42፣ ወደ ቀኝ 42፣ ወደ ግራ 42፣ በሰያፉም 42። ከአንድ መሐል በሁሉም አቅጣጫ እኩል የራቁ ነገሮች ክብ ይሠራሉ፤ ሌላ ቅርጽ ሊሠሩ አይችሉም።

የሳር ጎጆን ጣሪያ አስቡ። ዐይናችን ጉልላቱ ጋ ሆኖ ወደ ታች ይመለከታል እንበል፤ ምሰሶው ያ የጥላ መስመር ነው፣ ጠብታዎቹ በክፈፉ ላይ ተበትነዋል። አንዷ ጠብታ ሃያ ሜትር ላይ፣ ሌላዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ጣሪያው ላይ እስካሉ ድረስ ከጉልላቱ ሲታዩ በአንድ ክብ መስመር ላይ ናቸው። ቀስተ ደመና እንግዲህ ሰማይ ላይ የቆመ የተጎበጠ ዕቃ አይደለም። ወደሱ ስንሄድ አብሮን የሚሸሸው ለዚህ ነው፤ ጉልላቱ ዐይናችን ስለሆነ ጣሪያው አብሮን ይንቀሳቀሳል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጓደኛሞች የሚያዩት ቀስት እንኳ ከተለያዩ ጠብታዎች የመጣ ነው። ጠብታዎቹም አይቆሙም፤ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ቦታዋን ትተካለች።

ግማሹ ብቻ የሚታየን መሬቱ ስለሚከለክለን ነው። የክቡ መሐል የጥላችን ራስ ነውና ሁልጊዜ ከአድማስ በታች ነው። ከአውሮፕላን ሙሉውን ክብ ማየት ይቻላል። ጢስ ዐባይ ፏፏቴ ላይ ከላይ ሆኖ ወደ ብናኙ ቁልቁል የሚመለከት ሰውም ከተለመደው ግማሽ የሰፋ ቀስት ሊያይ ይችላል።

ከዚሁ 42 ዲግሪ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ የበለጠ ከፍ ካለች የቀስቱ አናት ከአድማስ በታች ይውላል፤ በሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ቀስተ ደመና የለም። ቀትር ላይ ዘንቦ ፀሐይ ብትወጣም ሰማይ ላይ ቀስት የማናየው ለዚህ ነው። ፀሐይ 42 ዲግሪ ላይ ስትሆን የአንድ ሜትር ዱላ ጥላ 1 ሜትር ከ11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጥላ ነገር ሲነሳ የሶላት ወቅት ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። በሻፊዒይ መዝሀብ የዐስር ወቅት የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩ ጥላ ተቀንሶ፣ ከቁመቱ ጋር ሲተካከል ነው። በክረምት በኛ አገር የቀትር ጥላ በጣም አጭር በመሆኑ ሁለቱ ልኮች ሊገጣጠሙ ምንም አይቀራቸው። ባጭሩ፣ ከሰዓት በኋላ ቀስተ ደመና ይታይ ዘንድ ሰዓቱ ከዐስር ገደማ እስከ መግሪብ ነው። አዲስ አበባና ደሴ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ ደግሞ፣ ወደ ቂብላ ፊቱን ያዞረ ሰው ያን ጊዜ ፀሐይን በግራው፣ ቀስቱን በቀኙ በኩል ያገኛል። ጠዋት ይገለበጣል። ዝናብ ካልመጣ የውሃ ጎማ ይዛችሁ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ፣ አፉን በጣታችሁ ጫን ብላችሁ ብናኝ መርጨት ይበቃል።

ወደ «ማን ቀደመ» ክርክር እንምጣ። አል-ፋሪሲ በሠሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ ከ1304 እስከ 1310 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ የሚባል ጀርመናዊ የዶሚኒካን መነኩሴ በውሃ የተሞላ የመስታወት ዕቃ ይዞ እዚሁ መልስ ላይ ደርሷል። ሁለት መታጠፍ፣ አንድ መንጸባረቅ። ሁለቱ እንደተዋወቁ ወይም አንዱ የሌላውን እንዳነበበ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሚያገናኛቸው የኢብኑል ሀይሠም ኪታብ ነው፤ መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮጳ ውስጥ ይነበብ ነበር። ስለዚህ «ሰረቁን» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። አንድ ኪታብ በሁለት ቋንቋ ሁለት ጥሩ አንባቢ አገኘ።

ኒውተንም ቢሆን ድርሻው አይካድም። አል-ፋሪሲ የብርሃኑን መንገድ አወቁ እንጂ ለምን 42 ዲግሪ እንደሆነ በቁጥር አላሰሉም። ለዚያ የስብረት ትክክለኛ ሕግ ያስፈልግ ነበር። የሚያስቆጨው ሕጉን በጂኦሜትሪ መልክ ኢብኑ ሰህል የተባሉ የባግዳድ ሊቅ እ.ኤ.አ በ984 ገደማ ጽፈውት ነበር፤ ግን ተከታይ አላገኘም፣ ቀስተ ደመና ላይም አልዋለም። ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ በ1637 ሕጉን ይዞ፣ ጠብታ ላይ የሚያርፉ ጨረሮችን አንድ በአንድ እያሰላ፣ ወደ 42 ዲግሪ ሲጠጉ እንደሚከማቹ አሳየ። የቀለሙም ነገር አለ። አል-ፋሪሲ ቀለም ከብርሃንና ከጨለማ መደባለቅ ይመጣል ብለው አስበው ነበር፤ ይህ ትክክል አይደለም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የመታጠፍ መጠን እንዳለው በፕሪዝም ያረጋገጠው ኒውተን ነው፤ እ.ኤ.አ በ1704 ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉም የቀስቱን ስፋት በየቀለሙ አስልቶታል። ይህን መናገር ከአል-ፋሪሲ ክብር አንዲት ነጥብ አይቀንስም።

«ተንቂሑል መናዚር» እንደ መናዚር ወደ ላቲን አልተተረጎመም፤ በእጅ ጽሑፍ ብቻ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ። በማተሚያ ቤት የታተመው በሕንድ ሃይደራባድ በ1347 እና በ1348 ሂጅራ ነው፤ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1930 መሆኑ ነው። ከተጻፈ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሁለት ጥራዝ ነው። ዐረብኛ የምታነቡ ደረሶች ካላችሁ የሉሉ ሙከራና የቀስተ ደመናው ክፍል ያለው በሁለተኛው ጥራዝ ውስጥ ነው።